የሻይ ማንኪያ፣ ጉማራ እና የአጎቴ መረብ



በዚህ ዓመት ከዶርማችን ማንኪያ በጠፋ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ለመዝገብ ያህል፦ የምቆርጣቸው ማንኪያዎች በሙሉ ከገበያ በገንዘቤ የተገዙ ናቸው። የሻይ ማንኪያ፣ ስስና ርካሽ የሆነውን። ሻጯ እናት ሦስተኛ ጊዜ ስሄድባቸው «ልጄ፣ ሻይ ቤት ከፈትክ እንዴ?» አሉኝ። ዓሣ ላጠምድበት ነው ስላቸው እንደ ቀልድ ቆጠሩት።

ቀልድ ግን አይደለም። ማንኪያ የዓሣ ማጥመጃ ከሆነ ከ150 ዓመት በላይ አልፎታል። ጁሊዮ ቡኤል የሚባል አሜሪካዊ በ1852 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራ የፈጠራ መብት አግኝቷል። ሐይቅ ላይ ጀልባው ውስጥ ሲበላ ማንኪያው ከእጁ አምልጦ ወደቀ፣ እያብለጨለጨ ሲሰምጥ ትልቅ ዓሣ መጥቶ ነከሰው ተብሎ ይተረካል። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት፣ ነገሩ ይሠራል። ጠፍጣፋና ጎድጎድ ያለ ብረት በውሃ ውስጥ ሲጎተት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ትልቁ ዓሣም የቆሰለ ትንሽ ዓሣ ይመስለዋል። ትል የለው፣ ሊጥ የለው፣ ሥጋ የለው። በእንቅስቃሴ ብቻ የሚጠራ የውሸት ዓሣ ነው።

እኔ የወረታ ልጅ ነኝ። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ፣ ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ደግሞ ወንዝ። እንደማንኛውም የፎገራ ልጅ ሸምበቆ ላይ ክር አስሬ፣ መንጠቆ ላይ ትል ሰክቼ አድጌያለሁ። ደብረ ታቦር ስመጣ ግን ወንዙ ቀረ። እዚህ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ ብርዱ ዓሣ ሳይሆን ብርድ ልብስ ያሳስባል። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ከግቢያችን ሆናችሁ የምታዩት ጉና የዓሦቹ ነገር የሚጀመርበት ቦታ ነው። ጉማራም ርብም የሚነሱት ከጉና ነው፤ ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ዓሣው ማን እንደሆነ እንወቅ፤ የሚበላውን ሳያውቁ ማባበያ መሥራት የእግር ቁጥር ሳይጠይቁ ጫማ መስፋት ነውና። ጣና ላይ ገበያ የሚወጡት በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ እና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶ በአብዛኛው የውሃ ላይ ጥቃቅን ዕፅዋት የሚበላ ስለሆነ ማንኪያ ብታሳዩት ዘወር ብሎ አያይም። አምባዛ ያገኘውን ይበላል። አንዳንድ ጎረቤቶቻችን ቅርፊት የለውም ብለው አይበሉትም፤ ለእኛ ግን ሐላል ነው። የእኔ ትኩረት ሦስተኛው፣ ነጭ ዓሣ የምንለው ላይ ነው።

ነጭ ዓሣ አንድ ዓሣ አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የጣናን ነጭ ዓሣ ለያይተው ሲያጠኑ 15 ያህል ዝርያዎች ሆኖ ተገኘ፤ ከአንዱ በቀር በዓለም ላይ ከጣና ተፋሰስ ውጭ የሉም ማለት ይቻላል። ምክንያቱ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። 40 ሜትር ያህል የሚወርድ ውሃ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ዘግቷል። ከላይ የቀረው ለብቻው ተባዝቶ፣ አንዱ ቀንድ አውጣ በላ፣ አንዱ ዕፅዋት በላ፣ 8ቱ ደግሞ ዓሣ በላ ሆኑ። ሱብሓነላህ! እነዚህ አዳኞች የካርፕ ወገን ስለሆኑ አፋቸው ውስጥ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው፤ እንደ ሌላው አዳኝ ዓሣ ጨጓራም የላቸውም። ነክሶ መቁረጥ አይችሉም፣ ሳብ አድርገው እንዳለ ነው የሚውጡት። ስለዚህ የሚያድኑት ከአካላቸው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ዓሣ ነው።

ይህ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ነበር። በቪዲዮ የምናያቸው የፈረንጅ ማባበያዎች እንደ መዳፍ የሚያህሉ ናቸው፤ ጥርስ ላለው፣ አፉ ሰፊ ለሆነ ዓሣ የተሠሩ ናቸውና። የእኛ አዳኝ ግን የሾርባ ማንኪያ አይውጥም። የሻይ ማንኪያ የመረጥኩት ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማንኪያውን ሞርሳ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ ማሰር፤ እጀታውን አንገቱ ላይ በሴጌቶ መቁረጥ። የተቆረጠውን ጠርዝ ጣት ሲያልፍበት እስከማይቧጥጥ ድረስ በሊማ ማለስለስ፤ ያ ካልሆነ ክሩን ይበጥሰዋል። ከዚያ በሁለቱም ጫፎች ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ። ቀዳዳው የሚገባበትን በሚስማር ጫፍ አንድ ጊዜ መምታት ያሻል፣ ፑንታው እንዳይንሸራተት።

አሁን መካኒካል ለሆኑት፦ አይዝጌ ብረት በትራፓኖ ስትበሱ ፍጥነት ጨምራችሁ በስሱ ከነካችሁት ላዩ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ፑንታው ይቃጠላል፣ ማንኪያው ይስቃል። ቀስ ብሎ፣ ጫን ብሎ፣ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጎ ነው። በማቴሪያልስ ክፍል ለፈተና የሸመደድነው ነገር በሁለት ብር ማንኪያ ላይ እውነት ሲሆን ማየት ደስ ይላል። (ሁለት ብር ያልኩት ለአባባል ነው፤ ዋጋውን ገበያ ወጥታችሁ እዩት።)

ቀዳዳዎቹ ላይ ትንንሽ የቁልፍ ቀለበት ይገባል። በሰፊው ጫፍ መንጠቆው፣ እጀታው በነበረበት ጠባቡ ጫፍ ክሩ ይታሰራል። ክሩ እንዳይጠማዘዝ ከማንኪያው በፊት በራሱ የምትሽከረከር ትንሽ ማያያዣ አለች፤ እሷንና መንጠቆውን ብቻ ከባሕር ዳር ነው ያስመጣሁት። የተቀረው ሁሉ እዚሁ የሚገኝ ነው። ዘንግና መጠቅለያ ማሽን የለኝም። ክሩን ባዶ ሃይላንድ ላይ ጠቅልዬ በእጄ እወረውራለሁ፣ እየጠቀለልኩ እስባለሁ።

ሙከራው ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ነው። በጣም በቀስታ ስትጎትቱት እንደ ሞተ ብረት ዝም ብሎ ይመጣል። በጣም ስታፈጥኑት እንደ ማራገቢያ ይሽከረከራል፤ ይህም አይፈለግም። በመካከል ያለችው ፍጥነት ላይ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ይላል፤ እጃችሁ ላይ ባለው ክር ትርታው ይሰማል። ውሃው የማንኪያውን ሁለት ጠርዝ ሲያልፍ በየተራ አዙሪት እየፈታ ነው የሚሄደው፤ አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ። ፍሉይድ ሜካኒክስ ያለፋችሁ የስትሩሃልን ቁጥር አስታውሱ፤ 0.2 ብለን ብንይዝ፣ የማንኪያው ስፋት 3 ሳንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢሆን፣ በሰከንድ 3 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል። ማንኪያ ሲሊንደር ስላልሆነ ይህ ግምት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ገንዳው ውስጥ በስልክ ቀርጬ ዝግ አድርጌ ስቆጥረው ብዙም አልራቀም። በቀስታ ፍጥነትም እንዲወዛወዝ ከተፈለገ ማንኪያውን ትንሽ ጨምሮ ማጉበጥ ነው።

ይህ ትርታ ከብልጭታው ይበልጣል፤ በተለይ ለእኛ አገር ውሃ። ጉማራና ርብ ከደጋው አፈር ጠርገው ስለሚወርዱ የጣና ምሥራቃዊ ዳር አብዛኛውን ጊዜ ድፍርስ ነው። ዓሣ ግን በጎኑ ላይ ከራስ እስከ ጅራት የተዘረጋች የውሃ ንዝረት የምትሰማ መስመር አለችው። ማየት በማይቻልበት ውሃ የማንኪያዋ ትርታ ይደርሰዋል። ስለዚህ ቀለም ለመቀባት ብዙ አትድከሙ።

ከማንኪያ የሚቀለው ደግሞ ቆርኪ ነው። የለስላሳ ቆርኪ! (ግቢ በር ላይ የሚበዛው የሌላው መጠጥ ቆርኪ ነው፤ ዓሣው አይለይም፣ እኔ ግን ሚሪንዳዬን ጠጥቼ ነው የምጠቀመው።) ሁለት ጫፉን በሚስማር በስቶ፣ ውስጡ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጡ ሁለት ትንንሽ ኳሶች አስቀምጦ፣ በፒንሳ ለሁለት ማጠፍ። ሲጎተት ይንኳኳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ድንጋይ ሥር ገብቶ ቢቀርም አያስቆጭም።

የእንጨቱ ግን ትዕግሥት ይፈትናል። በ1936 እ.ኤ.አ. ላውሪ ራፓላ የሚባል የፊንላንድ ድሃ ዓሣ አስጋሪ በጫማ ሠሪ ቢላ ከቡሽ አንድ ትንሽ ዓሣ ቀረጸ። የቸኮሌት መጠቅለያ ብልጭልጭ ወረቀት አለበሰው፤ ላዩ ላይ ውሃ እንዳያስገባ የፎቶ ፊልም አቅልጦ ቀባው። ዛሬ ስሙ በዓለም ሁሉ ይሸጣል። ይህን ሳነብ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ የእኛ ቡሽ ምንድን ነው? ቆረቆንዳ ሞከርኩ፤ ቀላል ነው፣ ግን ውሃ ይጠጣና ይከብዳል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ይንሳፈፋል፣ ግን ቢላ አይቀበልም፣ ይሰነጠቃል። የደረቀ የዋንዛ ቅርንጫፍ ጥሩ ሆነ፤ ለስላሳ ነው፣ ለቀረጻ ይመቻል። ቅርጹ ከወጣ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ የማስቲካ ወረቀት ይለጠፍበታል፣ ሁለት ሦስት ዙር ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይቀባል። የጥፍር ቀለሙን ለመግዛት ሱቅ ስገባ ባለሱቁ በረጅሙ አየኝ።

እንጨቱ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ እንዳይንሳፈፍ ሆዱ ውስጥ ክብደት ይፈልጋል። ስታቲክስ ላይ እንደተማርነው የክብደቱ ማዕከል ከመንሳፈፊያው ማዕከል በታች መሆን አለበት። ለዚህ ብዙ ሰው የሚመክረው እርሳስ ብረት ነው፤ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ አውጥቶ፣ አቅልጦ ማፍሰስ። እኔ አልመክርም። እርሳስ መርዝ ነው፤ አቧራውና ጭሱ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ባትሪው ውስጥ ያለው አሲድም ሌላ ጣጣ ነው። የእናታችሁ ምድጃ ላይ፣ ታናናሾቻችሁ በሚበሉበት ቤት ይህን አታድርጉ። አንዲት ትንሽ ዳዶ ሆዱን ቦርቡሮ መቅበር ይበቃል። እርግጥ ነው፣ ብረት ማቅለጥ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ሠራተኞች ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ቀበሌ ቁጭ ብዬ አምስት ግራም ዳዶ እንጨት ውስጥ መቅበሬን ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ።

ስለ መንጠቆው አንድ ነገር። ሦስት ጣት ያለው መንጠቆ ዓሣውን አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን አፉን ይቀዳድዳል፣ ሲላቀቅም ጊዜ ይወስዳል። እኔ ባለ አንድ ጣቱን እጠቀማለሁ፤ ጫፉ ላይ ያለችውን እሾህ መሳይም በፒንሳ እጨፈልቃታለሁ። አንዳንዱ ያመልጠኛል። የሚያመልጠው ግን ደኅና ሆኖ ነው የሚሄደው። በተጨማሪ ወንዛችን ዳር ከብት ይጠጣል፣ ልጆች በባዶ እግር ይሄዳሉ። ተበጥሶ ለሚቀረው መንጠቆ ማን ይጠየቃል?

ወደ ጥያቄያችሁ ልምጣ። ዶርም ውስጥ አንድ ወንድማችን በቁም ነገር ጠየቀኝ፦ «ይሄ ማጭበርበር አይደለም ወይ? የሚበላ መስሎት ብረት ታጎርሰዋለህ።» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ለመድረሳ ኡስታዛችን ይዤው ሄድኩ። ኡስታዝ ሳቁና ማታለል የተከለከለው ሰው በሰው ላይ፣ በንግድና በአማና እንደሆነ፣ አደን ግን ድሮም በወጥመድና በዘዴ እንደሚሠራ አስረዱኝ። የባሕርና የወንዝ አደን የተፈቀደ ነው፤ ዓሣ ማረድም አያስፈልገውም። ከዚያ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ልትበላው ነው ወይስ ልትጫወትበት?» አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ያለውን ነገር ለጨዋታ ዒላማ ማድረግን ከልክለዋል፤ በእርድ ጊዜ እንኳ ቢላ ተስሎ እንስሳው እንዳይሰቃይ አዘዋል። «ትል ብትሰቅል፣ ማንኪያ ብትሰቅል ግድ የለኝም። ለድስት ካልሆነ ግን አትያዘው» ብለው ጨረሱት። በስልክ ለመነሳት ብቻ ዓሣ ይዞ መልቀቅ የሚባለውን የፈረንጅ ስፖርት ከዚያ ወዲህ አልወደድኩትም።

አሁን ወደ ጉና ውሃ እንመለስ። ከላይ ከቆጠርኳቸው ነጭ ዓሦች ብዙዎቹ ሐይቁ ውስጥ አይወልዱም። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ ከጣና ወጥተው ጉማራንና ርብን ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ አየር የጠገበ፣ የሚፈስ ንጹሕ ውሃ ነው፤ እንቁላላቸውን እዚያ ጥለው ይመለሳሉ። ስለዚህ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት፣ ዓመቱን ሙሉ በ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሐይቅ ላይ ተበትኖ የኖረው ዓሣ በሁለት ሦስት ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባል። ሆዱ እንቁላል የሞላ ነው። መረብ ይዞ ወንዙ አፍ ላይ የቆመ ሰው መፈለግ አያስፈልገውም፤ ዓሣው ራሱ ይመጣለታል። ከወንዙ ሽቅብ ደግሞ አንዳንዱ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ይበትናል፤ ብርብራ ዓሣውን የሚያደነዝዝ መርዝ አለው፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም ያንሳፍፋል።

በ1986 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የናይለን መረብ ገባ። የኔዘርላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በ1990ዎቹ አሥር ዓመት ውስጥ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ መጠን ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል። ቆሮሶ እንዲህ አልተጎዳም፤ እሱ ወንዝ አይወጣም፣ ቶሎም ይራባል። ነጭ ዓሣ ግን ለመውለድ ዓመታት ይፈጅበታል። ከዚያ ወዲህ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፣ ክልላችንም የራሱ አዋጅ አለው። ርብ ላይም ግድብ ተሠርቷል፤ ለሩዛችን መስኖ ነው፣ ለዓሣው ግን በመንገዱ ላይ የቆመ ግንብ ነው።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት በቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነው። ነገር ግን ከማንበቤ በፊት አውቀው ነበር፤ አጎቴ ጉማራ አፍ ላይ መረብ ይጥላሉና። አባቴ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተሩ፣ ጫማው፣ የመድረሳው ወርሃዊ የሚከፈለው ከነሐሴ ዓሣ ነበር። ሌላ ጊዜ የሩዝ ማሳ አላቸው፤ ክረምት ላይ ግን ሩዙ ገና ውሃ ላይ ነው፣ ጎተራው ባዶ ነው፤ በእጅ የሚመጣው ዓሣው ብቻ ነው። እህቶቼ እናውቃለን፦ ዓሣው የሚወልድበት ወርና ቤታችን የሚቸገርበት ወር አንድ ነው።

ሱረቱል አዕራፍ ውስጥ የባሕር ዳር ከተማይቱን ሰዎች ታሪክ መድረሳ እያለን ሁላችንም ሰምተናል። ቅዳሜ ዓሣ እንዳያወጡ ተከለከሉ። ዓሣው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃው ላይ እየታየ በብዛት ይመጣል፣ በሌላው ቀን ይጠፋል። እነሱም ዓርብ መረብ ጥለው እሑድ እንደሚሰበስቡ ሙፈሲሮች ጽፈዋል። ልጅ ሆኜ የምገረመው በዘዴያቸው ነበር። አሁን የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነው፤ ታሪኩ ውስጥ ሦስት ወገን መኖሩ። አንዱ ወገን አጠፋ፣ አንዱ ወገን «ተዉ» አለ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ተዉ» የሚሉትን «ለምን ትደክማላችሁ?» አላቸው። ከለከሉ የተባሉት ዳኑ። ስለ ሦስተኛው ወገን ዑለማዎች ተነጋግረዋል፤ ዳነ ያሉ አሉ፣ አልዳነም ያሉ አሉ።

እንዳታጣምሙብኝ፤ የክረምት ዓሣ ሐራም ነው አላልኩም፣ ፈትዋ የመስጠት ዕውቀትም ቦታም የለኝም። አጎቴም የቅዳሜ ሰዎች አይደሉም፤ በጁሙዓ የመጀመሪያው ሰፍ ላይ የሚገኙ፣ የሰው ሐቅ የሚፈሩ ሰው ናቸው። ታሪኩ ግን እጄን ይዞ ወደ እሳቸው ወሰደኝ። ባለፈው ጥር ለእረፍት ስወርድ መረባቸውን ሲጠግኑ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ጠየቅኋቸው።

«አጎቴ፣ እንቁላል የያዘችዋን ካወጧት ለከርሞ ምን ይመጣል?»

«አላህ ያመጣል» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ድሮና ዘንድሮ እኩል ነው?»

ይህን ጊዜ መርፌያቸውን አቆሙ። በልጅነታቸው በአንድ ሌሊት ሁለት አህያ ጭነት ያወጡበት ቦታ ላይ ዛሬ አንድ ከረጢት ከሞላ አልሐምዱሊላህ እንደሚሉ ነገሩኝ። ዓሣውም አንሷል፣ በክንድ ይለካ የነበረው በስንዝር ሆኗል። ከዚያ ጥቂት ዝም አሉና «እኔ ብተው ጎረቤቴ አይተውም። ያንተንስ ደብተር ማን ገዛው?» አሉኝ። ለመጀመሪያው መልስ ነበረኝ፤ ለሁለተኛው አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ያን ዕለት ከሰዓት ማንኪያዬን ይዤ በታንኳቸው ወጣን። እሳቸው ይቀዝፋሉ፣ እኔ ክሩን ከኋላ ለቅቄ እጎትታለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ምንም የለም። «ሻይህ ቀዘቀዘ» እያሉ ያሾፉብኛል። ደንገሉ ዳር ስንደርስ ክሩ እጄ ላይ ተመታ፤ ከዚያ ዝም፤ ከዚያ ጎተተ። ከክንዴ ትንሽ የሚያንስ ነጭ ዓሣ ነበር። መንጠቆው የከንፈሩን ጠርዝ ብቻ ነው የያዘው። አጎቴ ማንኪያውን ከአፉ አውጥተው፣ ገለባብጠው፣ ቀዳዳውን በጥፍራቸው ነክተው «ይሄንን አንተ ሠራኸው?» አሉ። ማታ በላነው።

ስሌቱን ግን አልሸሸግም፤ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ስሌት አይደብቅም። በሦስት ቀን አራት ዓሣ አገኘሁ። የአንድ ሌሊት መረብ፣ ዛሬ ባነሰበት ጊዜ እንኳ፣ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ማንኪያ የነሐሴን ደብተር አይገዛም። የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ዓሣው ተበትኖ ባለበት፣ እንቁላል ባልያዘበት ወር፣ መረብ የማያዋጣበት ቦታ ላይ አንድ አንድ እያለ ያወጣል። በተለይ ሁዳዴ ሊገባ ሲል የዓሣ ዋጋ ስለሚነሳ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በየሳምንቱ ጥቂት ዓሣ ትኩሱን ለሆቴል ማቅረብ ቢቻል፣ ለመስከረም የሚሆን ነገር አስቀድሞ ሊጠራቀም ይችላል ብዬ አስባለሁ። አጎቴ «እስቲ እናያለን» ብለዋል። በእሳቸው አነጋገር ይህ ብዙ ነው።

ግን አንድ ችግር አለ። ታንኳ ቀርፋፋ ነው። ከባሕር ዳር በኩል የሚመጣው የሞተር ጀልባ ማንኪያዬን በደንብ ያወዛውዛል፤ የደንገል ታንኳ በሽማግሌ ክንድ ሲቀዘፍ ግን ማንኪያዋ ቀጥ ብላ ትሰምጣለች። ብረቷ ወፍራም ነው። ያን ዓሣ ያገኘነውም እሳቸው በስጨት ብለው አጥብቀው ሲቀዝፉ ነው። ስለዚህ አሁን ግማሽ ውፍረት ያለው ላሜራ እየሞከርኩ ነው፤ የሰርዲን ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጬ በማንኪያ ላይ ቀጥቅጬ አጎብጣለሁ። እስካሁን ገንዳው ውስጥ በሰከንድ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ መወዛወዝ የጀመረ አንድ አለኝ፣ ሁለተኛው ተሰነጠቀ። ቆርቆሮው ዝገት ስለሚይዘው የጥፍር ቀለም ያስፈልገዋል፤ ባለሱቁን እንደገና መጋፈጤ ነው።

ሰርዲን የምትበሉ ወንድሞች ባዶውን አትጣሉ፣ አጥባችሁ ሁለተኛው ፎቅ አምጡልኝ። ቤተሰቦቻችሁ ወረታ፣ ሐሙሲት ወይም አዲስ ዘመን አካባቢ ያሉ ደግሞ ለእረፍት ስትወርዱ አንድ አንድ ቆርኪ ይዛችሁ ውረዱ፤ በየትኛው ውሃ ምን እንደነከሰ ጽፋችሁ አምጡልኝ።